ሉሲ ዊልስ፦ የደም ማነስን ከነምክንያቱ የመረመሩ ሐኪም



ሉሲ የሚለውን ስም ስንሰማ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቀድማ ትዝ የምትለን ድንቅነሽ ናት። ዛሬ የማስተዋውቃችሁ ግን ሌላዋን ሉሲ፣ እንግሊዛዊቷን ሐኪም ዶክተር ሉሲ ዊልስን ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለ እኚህ ሴት ማንበብ የጀመርኩት የብረት ማነስ የገዛ ቤቴ ጉዳይ ስለሆነ ነው። እዚህ ሲልቬራዶ ራንች የምንኖር ቤተሰቦችም ከታሪካቸው የምንጠቀመው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉሲ ዊልስ በ1888 በርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ተወለዱ። በካምብሪጅ ኒውነም ኮሌጅ ስለ እፅዋትና ስለ ምድር አፈጣጠር ተማሩ። በ1911 ትምህርታቸውን ቢጨርሱም ካምብሪጅ በዚያ ዘመን ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ አይሰጥም ነበር። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ኬፕታውን ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሕሙማንን ካስታመሙ በኋላ ወደ ለንደን ተመልሰው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡና በ1920 ሐኪም ሆነው ወጡ። ከዚያም በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ምርምርና ማስተማርን ሥራቸው አደረጉ።

ትልቁ ሥራቸው የተጀመረው በ1928 ወደ ቦምቤይ፣ ወደ ዛሬዋ ሙምባይ፣ ሲሄዱ ነው። በከተማዋ ብዙ ነፍሰ ጡሮች በከባድ የደም ማነስ ይሠቃዩ ነበር፤ ሕይወታቸው የሚያልፍም ነበሩ። ዶክተር ዊልስ ሕሙማኑን ብቻ ሳይሆን ምግባቸውን፣ ኑሯቸውንና ሥራቸውን ጭምር አጠኑ። በሽታው የሚበረታው አትክልት፣ ፍራፍሬና ሥጋ በማያገኙ ድሆች፣ በተለይም በድሃ ሙስሊም ሴቶች ላይ መሆኑን አስተዋሉ።

በዚያን ጊዜም ብረት የደም ማነስ መድኃኒት መሆኑ ይታወቅ ነበር። እነዚህን እናቶች ግን ብረት አላዳናቸውም። ምክንያቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል፦ ብረት ሲያንስ ቀይ የደም ሕዋሶች ያንሳሉ፣ ይገረጣሉም። የእነዚህ ሴቶች ሕዋሶች ግን ከልክ በላይ ትልልቅ ነበሩ። ሁለቱም የደም ማነስ ይባላሉ፤ ሁለቱም ያደክማሉ፤ የጎደለው ነገር ግን ይለያያል።

ዶክተር ዊልስ የጎደለውን ለማግኘት በእንስሳትም በሕሙማንም ላይ ብዙ ሞከሩ። በመጨረሻ የሠራላቸው ማርማይት የሚባለው፣ እንግሊዞች ዳቦ ላይ የሚቀቡት፣ ከእርሾ የሚሠራ ርካሽ ምግብ ሆነ። ለእናቶቹ ሲሰጧቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻል ጀመሩ። ውጤቱን በ1931 አሳተሙ። እርሾው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ስላልታወቀ ለረጅም ጊዜ በእሳቸው ስም የዊልስ ንጥረ ነገር ይባል ነበር። በ1941 ሌሎች ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል አውጥተው ፎሊክ አሲድ አሉት። ዛሬ ለነፍሰ ጡሮች ከብረት ጋር የሚታዘዘው ያው ነው።

ወደ ለንደን ተመልሰውም ብረትን አልተዉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምግብ በራሽን ሲታደል፣ ራሽኑና በመደበኛነት የሚሰጥ የብረት ኪኒን በነፍሰ ጡሮች ደም ላይ ያላቸውን ውጤት መርምረው በ1947 አሳተሙ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ፊጂና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄደው ምግብንና የደም ማነስን ማጥናት ቀጠሉ። በ1964 አረፉ።

ከእኚህ ሴት ሕይወት የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው፦ መድኃኒት ከመዋጥ በፊት የጎደለው ምን እንደሆነና ለምን እንደጎደለ ማወቅ።

ባለቤቴ ፈቅዳልኝ ልንገራችሁ። ሁለተኛ ልጃችንን ከወለደች በኋላ ድካሙ አልለቃት አለ። ሄሞግሎቢኗ ደህና ነው ተባለ፤ ፌሪቲኗ ሲለካ ግን 9 ሆኖ ተገኘ። ፌሪቲን ማለት የተጠራቀመው ብረት መለኪያ ነው። እኛ የቬጋስ ሰዎች ይህን ከሚድ ሐይቅ ልንረዳው እንችላለን። በ2022 ሐይቁ እጅግ ሲወርድ፣ ነጩ መስመር በዓለቱ ላይ ሲታይ፣ የቤታችን ቧንቧ ግን ውሃ አላቋረጠም። ሄሞግሎቢን ቧንቧው ነው፤ ፌሪቲን ሐይቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው ፌሪቲኑ በሊትር ከ15 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ክምችቱ አልቋል ይላል። ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ካለ ግን ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ስለሚችል ውጤቱን ሐኪም ያንብበው።

ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን በአገራችን ጤፍ ላይ ከተለካው ብረት ብዙው በአውድማ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፤ እሱን ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ የእናቶቻችን እርሾ እዚህም ይጠቅማል።

ሰውነት በቀላሉ የሚወስደው የሥጋን ብረት ነው። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ስንበላ ደግሞ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ብንጨምርበት በቫይታሚን ሲ ምክንያት የምንወስደው ብረት ይጨምራል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይከለክላሉ። ቡናችንን መተው የለብንም፤ ከምግብ አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ይበቃል።

ክምችቱ ካለቀ በምግብ ብቻ መሙላት ይከብዳል። የተለመደው ባለ 325 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት ኪኒን 65 ሚሊግራም ብረት አለው። ብረት ባነሳቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ቀን እያለፉ ሲወስዱት ሰውነት ከእያንዳንዱ ኪኒን የበለጠ ብረት እንደሚቀበል አሳይተዋል፤ ስለዚህ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተመካከሩ። ሆድ ሊያደርቅና ሰገራን ሊያጠቁር ይችላል። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ለወራት ይቀጥላል። ከካልሲየም ጋር አብራችሁ አትውሰዱት። በረመዳን ከኢፍጧር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ መውሰድ ይቻላል። ካፕሱል ከሆነ ጄላቲኑ ከምን እንደተሠራ አንብቡ፤ አለዚያ ኪኒኑን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ከልጆች እጅ አርቁት፤ ጥቂት ኪኒን ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ብረቱ የጠፋበትን ምክንያትም አትለፉት። ብዙ የወር አበባ፣ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት መድማት ሊሆን ይችላል። ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ብረት ካነሳቸው ደግሞ መድማት አለመኖሩ ሳይመረመር ኪኒን ብቻ ወስደው ዝም እንዳይሉ።

በቤታችን ያለች ሴት ደከመኝ ስትል የልጅ ድካም ነው ብለን አንለፈው። ቀጣዩን የደም ምርመራ ስታደርግ ፌሪቲን የሚለውን በስሙ ትጠይቅ። ወንድሞችም ልጆቹን ይዘን እንጠብቅ፤ ሄዳ ትመርመር።

አላህ ለሁላችንም ጤናና ዓፊያ ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።