የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክና ስለ ወጣቶች የደከሙት ድካም

ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ የጎጀብን ወንዝ ሳይሻገር አያልፍም። ከፋ በራሷ ነገሥታት ትተዳደር በነበረበት ዘመን ይህ ወንዝ የሰሜን ድንበሯ ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከተረፈው ሠራዊታቸው ጋራ በዚሁ ወንዝ አጠገብ በጠላት ጦር ተከበው ተማረኩ። አብረዋቸው ከነበሩትም መካከል ጥቁር አንበሳ በሚባል ማኅበር የተባበሩ፥ አንዳንዶቹ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት አንዳንዶቹም በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ከእነዚህም ሁለቱ ዮሴፍና ቢንያም የሚባሉ ወንድማማቾች ሲሆኑ፥ አባታቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ተልከው ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር።

ወጣቶች ሥራ ፈጥረው ራሳቸውን እንዲችሉ፥ በብልሃታቸው አዲስ ነገር እንዲያወጡና ለመሪነት እንዲበቁ ብዙ በሚነገርበት ጊዜ፥ የእኒህን አባት ታሪክ ማሰብ የተገባ ነው። የተናገሩትን በገዛ ድካማቸው፥ በመጨረሻም በገዛ ልጆቻቸው ከፍለውበታልና።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ከነጋድራስ እሸቴ ቤት በጎንደር ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው ወደ መቅደላ ከወጡት ሰዎች ጋራ ነበርና፥ የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባውን በያዘ ጊዜ ሕፃኑ በግርግሩ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል መኮንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። ይህም መኮንን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ ሰው የትምህርቱን ወጪ ቻለለት። ስለዚህ ልጁ የሁለቱን ሰዎች ስም ወርሶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ የእናቱን ቋንቋና የአባቱን ስም ግን ረሳ።

በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ካደጉ በኋላ በላሆር ከተማ ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ዕውቀታቸውን አደረጁ፤ ከዚያም በበርማ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት ተቀጠሩ። ደመወዙ የተቆረጠ፥ ጡረታው የታወቀ፥ ክብሩም ያልጐደለ ሥራ ነበር። እዚያው ቢቀሩ የሚወቅሳቸው ሰው አልነበረም።

ነገር ግን በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በዐድዋ ድል ያደረጉት ዜና በዓለም ሁሉ ሲሰማ፥ ትውልዳቸውን የሚያውቁት በወሬ ብቻ የነበሩት ሐኪም አገራቸውን ለማየት ልባቸው ተነሣሣ። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱም በደኅና ተቀበሏቸው። በድንኳን ተቀምጠው ሕመምተኞችን ሲያክሙ ሳለ አያታቸው ወሬውን ሰምተው መጡና ከሕፃንነት ጀምሮ በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩዋቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደ ሞተ የተቈጠረው ልጅ ስሙን ከዘመዶቹ አፍ መልሶ አገኘ። አያትና የልጅ ልጅ በዚያ ቀን የተነጋገሩት በአስተርጓሚ መሆኑ ሲታሰብ ያሳዝናል።

ከዚያ በኋላ በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ሲመላለሱ ቆይተው፥ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠቅልለው ወደ አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ከአምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ሌላው ሰው ዕረፍት በሚሻበት ዕድሜ እርሳቸው ሥራ ጀመሩ። አማርኛውንም እንደ ተማሪ አጥንተው እስከ መጻፍ ደረሱ፤ ከዚያም አልፎ ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጅተው አሳተሙ። በባዕድ አገር በባዕድ ቋንቋ ያደገ ሰው፥ ዓለም ምን ያህል እንደምትሰፋ ለአገሩ ሕፃናት በአገራቸው ቋንቋ ማስረዳቱ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ሕክምና ነው።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ የበላይ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። በዚያ ዘመን ብዙ ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ጸሓፊ ወይም አስተርጓሚ ሆኖ ሹመት እንዲያገኝለት ነበር፤ በእጁ ሠርቶ የሚበላ ባለሙያ እንዲሆንለት የሚመኝ እምብዛም አልነበረም። ባለ እጅ ይናቅ ነበርና። በከፋም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ሕዝብ ማዕድና ጋብቻ ተለይቶ ይኖር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ቢከለክሉም፥ የቆየ ልማድ ባንድ ዐዋጅ የሚነቀል አልሆነም። ማረሻውን የሚሠራ እየተሰደበ፥ የተሻለ ማረሻ የሚያስብ ወጣት ከወዴት ይገኛል?

ከዚሁ ጋራ ሐኪም ወርቅነህ ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች የቆመውን ትምህርት ቤት ይመሩ ነበር። በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ስለ ባሮች ነጻነት ዐዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ነጻ ወጣ የተባለው ልጅ ቤትም ዘመድም መሬትም የሌለው ስለ ነበረ፥ ነጻነቱ ከመንገድ ላይ ይጥለው ነበር። ከፋና ማጂ በዚህ ንግድ ሕዝባቸው ከተመናመነባቸው አገሮች ዋናዎቹ ናቸው፤ ነገሩም ለቦንጋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐኪሙ ልጆቹ ፊደልን ከእጅ ሥራ ጋራ እንዲማሩ የደከሙት፥ ሙያ ያለው ሰው ዳግመኛ የማንም ንብረት እንደማይሆን ስለ ተረዱ ነው። ራሳቸውም ወላጅ ያጡ፥ ስማቸው የተለወጠ፥ በሰው ቸርነት ያደጉ ነበሩና፥ የእነዚያን ልጆች ኑሮ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋቸውም።

በ1920 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ፕሬዚዳንት ኩሊጅን አነጋገሩ። ከዚህም ሌላ በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩት ጥቁሮች ዘንድ ሄደው፥ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዟቸው። የግድቡ ነገር በዚያ ዘመን ሳይፈጸም ቀረ። ሆኖም ባለሙያ ይመጣ ዘንድ የጀመሩት ጥሪ ፍሬ አልባ አልሆነም፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአሜሪካ ጥቁሮች ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ዘመን አካባቢ ሐኪም ወርቅነህ ጨርጨርን እንዲገዙ ተሾሙ። ጨርጨር እንደ ከፋ ቡና የሚበቅልበት ደጋማ አገር ነው፤ ለሌሎቹ አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን በመንግሥት የታሰበውም አስቀድሞ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይገዙት በነበረ ጊዜ ነው። ሐኪሙ መቀመጫቸውን አስበ ተፈሪ አድርገው መንገድ አስጠረጉ፥ ግብሩንና ዳኝነቱን በሥርዐት እንዲሆን አደረጉ፤ በየሥራውም የተማሩ ወጣቶችን አስገቡ። ነገሩ ሁሉን ደስ አላሰኘም። በእንግሊዝ ልማድ ያደጉ፥ ሥራ ሲዘገይ የማይታገሡ ሰው ስለ ነበሩ፥ የጥንቱን ሥርዐት የለመዱ አንዳንድ ሹማምንት በጥርጣሬ ይመለከቷቸው ነበር። ጥርጣሬውም ከምቀኝነት ብቻ የመጣ አይመስልም፤ ለዘመናት የኖረን አስተዳደር በጥቂት ዓመት ለመለወጥ የሚቸኩል ሰው ሁልጊዜ የሚያጋጥመው ነው። ወጣቶቹ ግን የቢሮ ሥራ ምን እንደሆነና ኀላፊነት እንዴት እንደሚከብድ የተማሩት በእንዲህ ያለው ቦታ ነው። ሥራ ሳይሰጡት የሠለጠነ ወጣት የለም።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ሐኪም ወርቅነህ በለንደን ነበሩ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በወለጋ፥ በነቀምቴ ከተማ፥ እነዚያ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። አለቃቸው የእንስሳት ሐኪም የነበረው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበር። ለማኅበራቸውም ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፉ፤ በዚያም ሕግ የጦሩ ሥልጣን ለአስተዳደሩ እንዲታዘዝ፥ ገበሬ እንዳይዘረፍ፥ ምርኮኛም እንዳይበደል ወሰኑ። አገሩ የተወረረበት፥ ደመወዝ የማይከፈለው፥ ነገ ስለ መኖሩ የማያውቅ ወጣት እንዲህ ያለ ሕግ ለራሱ ማውጣቱ፥ ለመሪነት የሚያበቃው ትምህርት ምን እንደሆነ ያስረዳል። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ከነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች በሌሊት አጥቅተው አቃጠሉ። ከዚያም ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ተባበሩ፤ ወደ ሸዋ ለመዝለቅ ያደረጉት ሙከራ ስላልሆነላቸውም ወደ ደቡብ እየተገፉ እስከ ጎጀብ ደረሱ።

ልዑል ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው ታሰሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግን ጠላት የተማሩትን እየለየ መግደል ጀመረ፤ ዮሴፍና ቢንያም ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ኢትዮጵያ በዘመናዊ ትምህርት ያሳደገቻቸው በቍጥር ጥቂት ስለ ነበሩ፥ በእነዚያ ቀኖች የጠፋው በብዙ ዓመት የማይተካ ነበር። ከተማሪ ቤት ወጥተው መንገድ ሊቀይሱ፥ ሊያክሙ፥ ሊያስተምሩ የሚገባቸው እጆች ሥራቸውን ሳይጀምሩ ቀሩ።

መርዶው ለአባት በለንደን ደረሳቸው። በመቅደላ ሕፃኑን ከወላጆቹ የለየ ጦርነት እንደ ነበረ ሁሉ፥ በስተርጅና ደግሞ ወላጁን ከልጆቹ የለየ ሌላ ጦርነት ሆነ። ሐኪም ወርቅነህ ስለ ኢትዮጵያ መማለዳቸውን በዚህ ምክንያት አላቋረጡም። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ወደ አገራቸው ገብተው፥ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ። ከጥቁር አንበሳ አባሎች በሕይወት የተረፉት፥ ከእነርሱም አንዱ ይልማ ደሬሳ፥ በዚያ ጊዜ በታላላቅ የመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ።