አልፍሬድ ኢልግ፦ የመጀመሪያውን የምድር ባቡር ፈቃድ የተቀበሉት መሐንዲስ

የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ታሪክ በተነሳ ቁጥር የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም በቀዳሚነት ይጠራል። ከእርሳቸው ቀጥሎ የሚጠቀሱት ደግሞ ጥናቱን እንዲያካሂዱ የታዘዙትና ሐዲዱን በግል ኩባንያ ለማሠራት የተሰጠውን የመጀመሪያ ፈቃድ የተቀበሉት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ በመጋቢት ወር 1846 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1854) በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ምሕንድስና ተምረዋል። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ሙያና የምሕንድስና ጥበብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ስለነበር፣ ኢልግ ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር ረጅሙን ጉዞ አጠናቀው በ1871 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1879) አንኮበር ገቡ።

ኢልግ በንጉሡ ቤት ያላቸውን ተሰሚነት ያገኙት በሥራቸው ነው። ድልድይ ሠርተዋል፤ በግንባታ ሥራዎች ተሰማርተዋል፤ ከእንጦጦ ተራራ ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እንዲወርድ አድርገዋል። አማርኛን ጠንቅቀው በማወቃቸውም ከመሐንዲስነት አልፈው በውጭ ጉዳይ አማካሪነት አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ በይፋ ተሰጥቷቸዋል።

በዘመኑ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ዕቃ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ለሳምንታት ይጓዝ ነበር። ባቡር ይህን ጉዞ እንደሚያሳጥር ግልጽ ቢሆንም፣ አገሪቱ ለሐዲድ ሥራ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራትም። የቀረው መንገድ ሥራውን ለግል ባለገንዘቦች መስጠት ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ በየካቲት 1885 ዓ.ም ኢልግ ጥናቱን እንዲያካሂዱ አዘዙ። በመጋቢት 1886 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1894) ደግሞ ኩባንያ የማቋቋሙን ፈቃድ ሰጡ። በዚህ ሥራ የኢልግ ሸሪክ የነበሩት ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኖ ናቸው።

ፈቃዱ የግል የምድር ባቡር ኩባንያ በኢትዮጵያ ምድር የሚተዳደርበትን ሥርዓት የደነገገ የመጀመሪያው ሰነድ ነው። የፈቃዱ ዘመን በ99 ዓመት ተወሰነ። መስመሩም በሦስት ተከፈለ፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ኩባንያው በሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦ የመዘርጋት ግዴታ ገባ። በምላሹም ሌላ ተፎካካሪ መስመር እንደማይፈቀድ ተረጋገጠለት። ንጉሠ ነገሥቱ ከኩባንያው አክሲዮን ድርሻ አገኙ፤ ትርፉ ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ ሲበልጥ ደግሞ ከትርፍራፊው ግማሹ የእርሳቸው እንዲሆን ተደረገ።

መስመሩ ከፈረንሳይ ይዞታ የሚነሳ በመሆኑ የፓሪስ መንግሥትም ፈቃድ አስፈልጎት ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1896 ከተገኘ በኋላ ኩባንያው በፓሪስ ተቋቋመ። የሐዲድ ዝርጋታው በ1890 ዓ.ም መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሳ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ የደረሰበት ሥፍራ የድሬዳዋ ከተማ መቆርቆሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ኩባንያው ከጅምሩ በገንዘብ እጦት ይናጥ ነበር። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች ወደ ድርጅቱ መግባታቸው ፈረንሳይን አሳሰበ። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1902 የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500 ሺህ ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊከፍል ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በምትኩም የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ እርሳቸው ሳያውቁ በባዕድ መንግሥት እጅ ሲገባ አጥብቀው ተቆጡ። በድሬዳዋ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ አልተገኙም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐዲዱ ከድሬዳዋ እንዳያልፍ ከለከሉ። ገንዘቡ የባዕድ ቢሆንም መሬቱና ፈቃዱ የኢትዮጵያ መሆኑን በዚህ አስመሰከሩ።

ክልከላው ኢልግን ከባድ አጣብቂኝ ውስጥ ከተታቸው። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ፣ በሌላ ወገን የፈቃዱ ባለቤትና የኩባንያው መሥራች ነበሩ። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ሥራ ለዓመታት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በኢትዮጵያ የባቡር መስመሮች ጉዳይ እርስ በርሳቸው ሲስማሙ የአገሪቱ ንጉሠ ነገሥት የተነገራቸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር። በዚያው ሰሞን ኢልግ አገልግሎታቸውን ለቀው ወደ ትውልድ አገራቸው ተመለሱ። ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ።

በጥር 1900 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1908) ምኒልክ አዲስ ፈቃድ ለሐኪማቸው ለዶክተር ቪታልየን ሰጡ፤ በዚሁ መሠረት የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም አረፉ። ኢልግም በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በጥር 1916) በዙሪክ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 በመሆኑ ፈቃድ ሰጪውም ፈቃድ ተቀባዩም የ784 ኪሎ ሜትሩን መስመር ፍጻሜ ለማየት አልታደሉም።

መስመሩ ከግል ባለቤትነት ወጥቶ የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ንብረት የሆነው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ሁለቱን አገሮች በዚያው አቅጣጫ ያገናኛል። የኢልግ ሕይወት ታሪክ የሚያስታውሰው አንድ ቁም ነገር አለ፤ የባቡር ሐዲድ ከብረትና ከድንጋይ አስቀድሞ የሚዘረጋው በውል ላይ መሆኑን፣ ውሉም የባለገንዘቡን ማንነት ብቻ ሳይሆን ነገ በማን እጅ ሊገባ እንደሚችል ማየት እንደሚገባው ነው።