ጀልባዋ፣ 900 ጠመንጃና አንዲት ሽጉጥ

ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ጃንጥላ የሚያዝበት፣ ጭቃ የሚረገጥበት ወቅት ነው። በሰሜን አውሮፓ ግን በጋ የሚሉት ያንኑ ጊዜ ነውና፣ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ለመጓዝ የሚነሳው ያኔ ነው። መነሳቱ በበጋ ይሁን እንጂ ዕቅዱ የሚጀመረው ከወራት በፊት፣ በብርዱ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ነው። የባሕር ካርታ ይዘረጋል፤ የውኃው ሙላትና ሽሽት ሰዓት ይሰላል፤ ስንቅ ይቆጠራል። ማን ከማን ጋር እንደሚስማማም ይታሰባል፤ በጠባብ ጀልባ ውስጥ ሳምንታትን አብሮ መክረም ቀላል አይደለምና።

ዛሬ የማነሳው ሰው፣ ኧርስኪን ቺልደርስ፣ በዚህ ዓይነቱ ዕቅድ የተካነ ነበር። ሁለት የበጋ ጉዞዎቹ ታሪክ ሆነዋል። አንደኛው ታዋቂ ልብ ወለድ ወለደለት። ሁለተኛው በአንድ አገር መወለድ ውስጥ እጁን አስገባው፤ የተወለደው አገር ደግሞ መልሶ ገደለው። እኔ ሰውየውን ያወቅኩት እንደ ብዙው ሰው በልብ ወለዱ ሳይሆን በፍርድ ቤት ጉዳዩ ነው። ሕግ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን መዝገብ አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ በቀላሉ አይለቀውም። (ዘመኑን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ቺልደርስ በ1870 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የፓሊ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ምሁር ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሳይዘል በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። እናቱም በዚያው በሽታ ምክንያት ከልጆቿ ተነጥላ ቆይታ አረፈች። ልጆቹ ያደጉት በእናታቸው ዘመዶች ዘንድ፣ አየርላንድ ውስጥ፣ ከዊክሎው ተራሮች ሥር አናሞ በምትባል መንደር ካለ ትልቅ ቤት ነው። ይህን ቤት አንባቢ ያስታውስልኝ፤ እመለስበታለሁ። ካምብሪጅ ገብቶ ሕግ አጠና። ከ1895 ጀምሮም በእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ጸሐፊ ሆነ። ሥራው የተከበረና አሰልቺ ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ግን ነበረው፤ ምክር ቤቱ ለረዥም ጊዜ ሲዘጋ ጸሐፊዎቹም ያርፋሉ።

ያንን ዕረፍት ለጀልባ አዋለው። በ1897 ቪክሰን የምትባል፣ ከነፍስ አድን ጀልባነት የተለወጠች፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ ገዛ። መልክ የላትም፤ ሆኖም ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ለመሄድ የተመቸች ነበረች። በዚያው ዓመት ከወንድሙ ጋር የእንግሊዝን ባሕር ተሻግሮ በሆላንድና በጀርመን ዳርቻ አድርጎ እስከ ባልቲክ ባሕር ዘለቀ።

በመንገዱ ያገኘው የፍሪዥያ ደሴቶች አካባቢ እንግዳ አገር ነው። ደሴቶቹ በዋናው ምድር ፊት ለፊት ተሰልፈው ቆመዋል። በመካከላቸው ያለው ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ከአድማስ እስከ አድማስ አሸዋና ጭቃ ብቻ ይቀራል፤ በአሸዋው መካከል ቀጫጭን ቦዮች ይታያሉ። ትልልቅ መርከቦች አይደፍሩትም። ትንሽ ጀልባ ግን ሙላቱን ጠብቃ አሸዋው ላይ ታልፋለች። ሰዓቱ ካመለጣት እዚያው ተቀምጣ እስከሚቀጥለው ሙላት ትጠብቃለች። ስለዚህ እዚያ የሚሄድ ሰው ዕቅዱ በነፋስ ብቻ አይሆንም። ውኃው የሚሞላበትን ደቂቃ፣ የቦዩን መታጠፊያ፣ የአሸዋውን ከፍታ ማወቅ አለበት፤ በእጁ ያለው መሣሪያም ኮምፓስ፣ ሰዓትና በገመድ ጫፍ የታሰረ እርሳስ ነው። ቺልደርስ ይህን ሁሉ በማስታወሻው ላይ ይጽፍ ነበር።

በ1903 ማስታወሻው የአሸዋው እንቆቅልሽ የተባለ ልብ ወለድ ሆነ። ሁለት እንግሊዛውያን ወጣቶች በአንዲት ትንሽ ጀልባ እነዚያን አሸዋዎች ሲለኩ፣ ጀርመኖች ከዚያ ተነሥተው እንግሊዝን ለመውረር ሲዘጋጁ ይደርሱባቸዋል። በስለላ ልብ ወለድ ታሪክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው ይባላል። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሴራው ሳይሆን ጓዙ ነው። የጀልባዋ ባለቤት ወዳጁን ሲጋብዝ ይዞ እንዲመጣ የሚያዘው ዝርዝር ውስጥ ኮምፓስ፣ ቡታጋዝ፣ የትምባሆ ዓይነት ሳይቀር አለበት። ተጋባዡ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰው ነውና ግዙፍ ሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ ሻንጣው በጀልባዋ በር አልገባ ብሎ መከራ ያሳያቸዋል። ይህን የሚጽፍ ሰው ራሱ ሻንጣ ሲገፋ ያመሸ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ቺልደርስ ለንጉሥና ለአገር የቆመ እንግሊዛዊ ነበር። ከቦዌሮች ጋር በተደረገው ጦርነት ወዶ ዘምቶ ደቡብ አፍሪካ በመድፈኛ ክፍል አገልግሏል። በ1903 ቦስተን ሄዶ ሞሊ ኦስጉድ ከምትባል የሐኪም ልጅ ጋር ተዋወቀ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ተጋቡ። ሞሊ በልጅነቷ በደረሰባት አደጋ እግሯ ተጎድቶ በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ነበረች። አባቷ ለሰርጋቸው ስጦታ ጀልባ አሠሩላቸው። በ1905 ኖርዌይ ውስጥ ኮሊን አርቸር የተባለ ስመ ጥር ጀልባ ሠሪ የሠራት፣ 15 ሜትር ተኩል ገደማ የምትረዝም ጀልባ ናት፤ አስጋርድ አሏት። ሞሊ በደረት ላይ ምርኩዝ አያስፈልጋትም ማለት ባይቻልም፣ መሪ ጨብጣ ስትቀመጥ ከማንም አታንስም ነበር።

ቀስ በቀስ የቺልደርስ ልብ ወደ አደገበት አገር አዘነበለ። በ1910 የምክር ቤቱን ሥራ ለቀቀ፤ በ1911 አየርላንድ የራስ አስተዳደር ይገባታል የሚል የሕግና የፖለቲካ መጽሐፍ አሳተመ።

ሁለተኛው ጉዞ ከዚህ በኋላ ነው። በኤፕሪል 1914 የራስ አስተዳደሩን የሚቃወሙ የሰሜን አየርላንድ ሰዎች 25,000 ያህል ጠመንጃ ላርን ወደብ ላይ በሌሊት አራገፉ፤ የከለከላቸው አልነበረም። ለንደን ያሉ የራስ አስተዳደር ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው 1,500 ማውዘር ከጀርመን ገዙ። ጠመንጃዎቹ በየጥይቱ የሚጎረሱ፣ ዘመን ያለፈባቸው፣ አያቶቻችን ውጅግራ ይሉት ከነበረው መሣሪያ ጋር እኩያ ናቸው። ወደ አየርላንድ መሣሪያ ማስገባት በዲሴምበር 1913 በንጉሡ አዋጅ ታግዷል። ሕግ ተምሬያለሁና አልሸፋፍነውም፤ የሠሩት ሕገ ወጥ ነበር። ሕጉ አንዱን አልፎ ሌላውን የሚይዝ መሆኑም ያው እውነት ነው።

ቺልደርስ ያቀደው እንደ ሌላው በጋ ሁሉ የጀልባ ሽርሽር ነበር። ባልና ሚስት፣ ወዳጃቸው ሜሪ ስፕሪንግ ራይስ፣ ዕረፍት ላይ ያለ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንንና ከዶኒጎል ደሴት የመጡ ሁለት ዓሣ አጥማጆች። እነዚህን ማን ይጠረጥራል? በጁላይ መጀመሪያ ከዌልስ ተነሡ። ጁላይ 12 ማታ ከቤልጂግ ዳርቻ ማዶ፣ አንድ የመብራት መርከብ አጠገብ፣ ከሐምቡርግ የመጣች ጎታች መርከብ አገኙ። ኮኖር ኦብራየን የተባለ ወዳጃቸው በራሱ ጀልባ 600 ጠመንጃ ወስዷል። የቀረው 900 ጠመንጃና የጥይት ሣጥን የአስጋርድ ድርሻ ነው። የውስጡን አልጋ ቀድመው ነቅለዋል። ጠመንጃዎቹን ከጭድ እየፈቱ ሌሊቱን ሙሉ ደረደሩ። ቤቱ እስከ ጠረጴዛው ቁመት ሞላ። ፍራሽ ከላይ አነጠፉና ለሁለት ሳምንት ያህል ጠመንጃ ላይ በሉ፣ ጠመንጃ ላይ ተኙ። በሌሊት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች መካከል አለፉ፤ ማዕበልም አገኛቸው።

መድረሻው ዱብሊን አጠገብ ያለች ሆውዝ ናት። ሆውዝ ወደብዋ ውኃ ሲሸሽ ለአስጋርድ አይበቃም። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ በሙላት ተሰልቶ ከሳምንታት በፊት ተቆርጧል፤ እሑድ ጁላይ 26፣ እኩለ ቀን። ባሕር ላይ ወጥታ ወደቡ ነፃ መሆኑን ልትነግራቸው ቀጠሮ የነበራት ባለ ሞተር ጀልባ አልመጣችም። ሜሪ ስፕሪንግ ራይስ እንደ ምልክት ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ደረት ላይ ቆመች። መጠበቅ ሙላቱን ማሳለፍ ነው፤ ቺልደርስ ለመግባት ወሰነ። መሪውን የያዘችው ሞሊ ነበረች። ከዱብሊን በእግር የመጡት በጎ ፈቃደኞች በሰዓቱ ወደቡ ላይ ደረሱና ጠመንጃውን በግማሽ ሰዓት ገደማ አራገፉት። የዚያኑ ዕለት ወደ ከተማ ሲመለሱ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ዱብሊን ውስጥ ሕዝብ ላይ ተኩሰው ሦስት ሰው ገደሉ። በላርን አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

እነዚያ ጠመንጃዎች በ1916ቱ የፋሲካ ዓመፅ ዱብሊን ላይ ተተኮሱ። ቺልደርስ ግን ያን ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነበር! ከሆውዝ ዘጠኝ ቀን በኋላ ዓለም ጦርነት ውስጥ ገባ፤ እሱም ትንንሽ አገሮችን ለማዳን የሚደረግ ጦርነት ነው ብሎ አምኖ ዘመተ። በ1914 የገና ዕለት በኩክስሃቨን ላይ በተደረገው የአየር ወረራ መንገድ መሪ ሆኖ በረረ፤ ያንን አሸዋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሜዳልያም ተሸለመ። ጦርነቱ ሲያልቅ አየርላንድ ነፃነቷን አላገኘችምና በ1919 ጓዙን ጠቅልሎ ዱብሊን ገባ።

በ1921 የአየርላንድ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ከእንግሊዝ ጋር ለተደረገው ድርድርም የልዑካኑ ዋና ጸሐፊ ነበር። ስምምነቱ ሲፈረም ግን ለንጉሡ የሚገባውን ቃለ መሐላ አልቀበልም ካሉት ወገን ቆመ። እዚህ ላይ ወዳጆቹን ያሰለቸ ግትርነት አሳይቷል ባይ ነኝ። የስምምነቱ ደጋፊዎች አምርረው ጠሉት፤ እንግሊዛዊ ነህ እያሉ ሰደቡት። በጁን 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተነሣ።

በሴፕቴምበር ምክር ቤቱ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ የተገኘን ሰው ወታደራዊ ችሎት በሞት እንዲቀጣ የሚያስችል ውሳኔ አሳለፈ። ውሳኔ ነው ያልኩት በምክንያት ነው፤ በወጉ የወጣ ሕግ አልነበረም። ኖቬምበር 10 የመንግሥት ወታደሮች ቺልደርስን ያዙት፤ የያዙት ባደገበት በአናሞው ቤት ነው። በእጁ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ነበረች፤ አልተኮሰባትም። ሽጉጧን አንድ ወገን በነበሩበት ጊዜ በስጦታ የሰጠው ማይክል ኮሊንስ ነው። ኮሊንስ የአዲሱ መንግሥት ጦር አዛዥ ሆኖ በኦገስት ተገድሏል። 900 ጠመንጃ ያስገባ ሰው በአንዲት ሽጉጥ በዝግ ችሎት ተከሰሰና ሞት ተፈረደበት።

ጠበቆቹ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 177 የደነገገው ያው መብት ነው፤ ያሰርከውን ሰው ወደ ዳኛ አምጣና ያሰርክበትን ሕግ አስረዳ ማለት ነው። አቤቱታውን የሰሙት ቻርልስ ኦኮነር የተባሉ ከፍተኛ ዳኛ ናቸው። እኚህ ዳኛ በ1921፣ እንግሊዝ ገና ስትገዛ፣ ጥይት ይዞ በመገኘቱ የእንግሊዝ ወታደራዊ ችሎት ሞት የፈረደበትን ጆን ኢገን የተባለ አየርላንዳዊ ይለቀቅ ብለው አዘዋል። ጄኔራሎቹ እምቢ ሲሉም ይታሰሩ እስከ ማለት ደፍረዋል፤ ሰውየውም ተለቋል። በቺልደርስ ጉዳይ ግን ኖቬምበር 23 ቀን፣ አገሩ ጦርነት ላይ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ በወታደራዊ ችሎት ሥራ ጣልቃ ለመግባት ሥልጣን የለውም ብለው ወሰኑ። የመጀመሪያው ፍርድ የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣውን ግልጽ ሕግ የተመረኮዘ ስለሆነ ሁለቱ ይለያያሉ የሚል ክርክር አለ። ክርክሩን አነበብኩት፤ አላሳመነኝም። የማያከራክረው ግን የይግባኝ ጉዳይ ነው። ጠበቆቹ ይግባኝ ብለው ነበር። ይግባኙ ሳይሰማ በማግስቱ ኖቬምበር 24 ጠዋት ቤገርስ ቡሽ በተባለው የጦር ሰፈር ረሸኑት። ዕድሜው 52 ነበር። ችሎቶቹ የሠሩትን ሕጋዊ የሚያደርግ አዋጅ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1923 ነው።

ከመሞቱ በፊት የ16 ዓመት ልጁን አስጠርቶ፣ የሞት ፍርዱን የፈረሙትን ሁሉ ፈልጎ እንዲጨብጣቸው ቃል አስገባው። የተኳሾቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጠ፤ እንዳይቸገሩ አንድ ሁለት እርምጃ ቀረብ እንዲሉም ነገራቸው።

ልጁ ኧርስኪን ሃሚልተን ቺልደርስ አድጎ በዚያው መንግሥት ሚኒስትር ሆነ፤ በ1973 ደግሞ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት። ቃለ መሐላ የፈጸመው ጁን 25 ነው፤ የአባቱ የልደት ቀን። አስጋርድን የአየርላንድ መንግሥት በ1961 ገዝቶ ለመርከበኞች ማሠልጠኛ አደረጋት። ኋላም ታድሳ ከ2012 ጀምሮ ዱብሊን በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ትታያለች። ሙዚየሙ ያለበት የቀድሞ የጦር ሰፈር የተሰየመው በማይክል ኮሊንስ ስም ነው።