ወለተ ጴጥሮስ፦ እምቢ ብላ ማኅበር የመሠረተች እናት

የአገራችን ብርቱ ሴቶች ሲነሡ እኛ ጎንደሮች ቶሎ የምንጠራው እቴጌ ምንትዋብን ነው። ዛሬ ግን ከእቴጌዋ መቶ ዓመት ያህል ቀድማ የኖረችውን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን እናስታውሳለን።

ወለተ ጴጥሮስ የመኳንንት ልጅ ነበረች። የዐፄ ሱስንዮስ ሹም ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብሎ ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዲለውጥ ሲያስገድድ፣ ከተቃወሙት መካከል ብዙ የቤተ መንግሥት ሴቶች ነበሩ። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በጦርነት ሲገደሉ ባሏ ከንጉሡ ጦር ጋር ነበር። እሷም ትዳሩን ትታ ወጣች፤ መነኮሰች።

ከጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ስትኖር አላረፈችም። ዋልድባ ወረደች፤ ጸለምት ሄዳም ሕዝቡ በሃይማኖቱ እንዲጸና አስተማረች። ተይዛ ንጉሡ ዘንድ ብትቀርብ፣ ኢየሱሳውያንም ሊያሳምኗት ቢደክሙ አልተመለሰችም። በመጨረሻ በሱዳን ጠረፍ ወዳለው የዠበይ በረሃ ተግዛ ሦስት ዓመት ቆየች።

ሊያጠፏት በላኳት ስፍራ ግን ሰው ተከትሏት መጣ። የመጀመሪያው ማኅበሯ እዚያው ተመሠረተ። ከግዞት ስትመለስ በጣና ዙሪያ ሌሎችን ጨመረች፤ በጠቅላላው ሰባት ሆኑ። የጌታ ልጅና ድኻ፣ ሴትና ወንድ በአንድ ሥርዓት አብረው ይሠሩ፣ አብረው ይበሉ ነበር። ወረርሽኝ ሲነሣ ማኅበሩን ይዛ ቦታ ትለውጥ ነበር።

ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. አዋጁን ሻረ፤ ልጁ ፋሲለደስ ነግሦ ጎንደርን ቆረቆረ። ወለተ ጴጥሮስ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. አረፈች። ማኅበሩ ግን አልተበተነም፤ እኅተ ክርስቶስ መራችው። በኋላም በስሟ የተተከለው የቋራጣ ገዳም ከገዥዎች ቁጣ ለሚሸሹ መጠጊያ ሆነ።

የታገለችው ለሃይማኖቷ ነው፤ የሴቶች መብት የሚለውን ቃል በዘመኗ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን እምቢ ያለች ሴት የምታድርበት ቤትና የምትበላው እንጀራ ካላገኘች ተመልሳ እንደምትገባ አውቃለች። እኛም በሒሳብ መዝገባችን የአስቸኳይ እርዳታ ተብሎ የሚያዘውን ገንዘብ የምናየው በዚህ ዓይን ነው። የአባላት የወር መዋጮና የለጋሾቻችን ድጋፍ ሌሊት በር ለምታንኳኳ እህት ማደሪያና ስንቅ ይሆናል። ይህ መስመር ባዶ እንዳይሆን አደራ እንላለን።