ምላሳቸው የታሰረው ዓሊም፦ ኢማም አል-ገዛሊና ተወኩል



በስደት አገር የሚያድግ ወጣት ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ ሕይወቱ በዕቅድ ይሞላል። የትኛው ዩኒቨርሲቲ? ምን ዓይነት ሙያ? ትዳርስ መቼ? ወላጆቻችን ብዙ ዋጋ ከፍለው ስላሳደጉን አንድ ነገር ቢበላሽ ሁሉም ነገር የሚፈርስ ይመስለናል። በዚህ ጭንቀት መሐል ስለ ተወኩል ሲነገረን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አድርገን እንረዳዋለን። ተወኩል ግን ሌላ ነገር መሆኑን የኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ሕይወት በደንብ ያሳያል።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1058) ዛሬ ኢራን በምትባለው አገር፣ ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የበግ ፀጉር እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። ከመሞታቸው በፊት ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። የተተወላቸው ጥቂት ገንዘብ ሲያልቅ ወዳጁ ልጆቹን ቀለብ ወደሚሰጥ መድረሳ አስገቧቸው።

ስለ ወጣትነታቸው አንድ ታሪክ ይተረካል። ጁርጃን በምትባል ከተማ ተምረው ሲመለሱ ሽፍቶች መንገድ ላይ ዘረፏቸው። ወጣቱ አል-ገዛሊ የሽፍቶቹን አለቃ ተከትለው የትምህርት ማስታወሻቸው ብቻ እንዲመለስላቸው ለመኑ። አለቃው ሳቀባቸው። ደብተሩ ሲወሰድ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ይህ ምን ዓይነት ዕውቀት ነው ብሎ አፌዘና መለሰላቸው። እርሳቸውም ነገሩን ከአላህ እንደመጣ ትምህርት ቆጥረው ሦስት ዓመት ሙሉ ማስታወሻቸውን በቃላቸው አጠኑ። ከዚያ ወዲያ ዕውቀታቸው ሌባ የማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በኒሻፑር በታላቁ ኢማም አል-ጁወይኒ ዘንድ ተማሩ። በ1091 የሰልጁቆች ዋና ሚኒስትር ኒዛም አል-ሙልክ በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርገው ሾሟቸው። ዕድሜያቸው ገና 33 ነበር። ሦስት መቶ ያህል ተማሪዎች ከፊታቸው ይቀመጡ ነበር። ዝናቸው፣ ልብሳቸውና ክብራቸው የባለሥልጣን ያህል ሆነ። ይሁንና በማግስቱ ዓመት ኒዛም አል-ሙልክ ተገደሉ፤ ሱልጣን መሊክሻህም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። የማይነቃነቅ ይመስል የነበረው መንግሥት በጥቂት ሳምንታት ተናጋ።

ኢማሙ ግን ከውጭው ይልቅ ውስጣቸው ነበር የበለጠ የተናጋው። ኒያቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለአላህ ብለው ሳይሆን ለዝና እንደሆነ ታያቸው። ከረጀብ 488 (1095) ጀምሮ ስድስት ወር ያህል ተንገላቱ። ጠዋት ባግዳድን ለቀው ለመሄድ ይወስናሉ፤ ማታ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። በዚህ መሐል አንድ ቀን ሊያስተምሩ ሲቀመጡ ምላሳቸው ታሰረ። ሽፍታ የማይደርስበት ዕውቀት በልባቸው እያለ አንዲት ቃል ማውጣት አቃታቸው። ምግብም አልዋጥ አላቸው። ሐኪሞች ሕመሙ ከልብ የመጣ ነው፣ ጭንቀቱ ካልተነሳ መድኃኒት አይገኝለትም ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ያን ጊዜ ሌላ መውጫ እንደሌለው ችግረኛ ወደ አላህ ተጠጉ። ስድስት ወር የከበዳቸው ነገር ቀለለላቸው።

አወጣጣቸውን ልብ በሉ። ሁሉን በትነው አልጠፉም። ሀብታቸውን ሲሰጡ ለልጆቻቸው የሚበቃ ቀለብ አስቀሩ። በመድረሳው ደግሞ ወንድማቸው አሕመድ ተተክተው አስተማሩ። ትምህርቱም ያለ እርሳቸው ቀጠለ።

ሁለት ዓመት ያህል በሶሪያ ቆዩ፤ በደማስቆ በኡመያዎች መስጂድ ሚናራ በር ዘግተው ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በኸሊል ከተማ፣ በነቢዩ ኢብራሂም (ዐለይሂ ሰላም) መቃብር ዘንድ፣ ወደ ነገሥታት ደጅ ላለመሄድ፣ ገንዘባቸውን ላለመቀበልና ከሰው ጋር ላለመከራከር ቃል ገቡ። ሐጅም አደረጉ።

አርባ ኪታቦችን የያዘው ኢሕያእ ዑሉሚዲን የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ሠላሳ አምስተኛው ኪታብ ስለ ተውሒድና ተወኩል ነው። በእርሳቸው ትምህርት ምግብ ፊቱ ቀርቦለት እጁን የማይዘረጋ ሰው፣ ወይም ዘር ሳይዘራ አዝመራ የሚጠብቅ፣ ተወኩል ያለው ሳይሆን አእምሮው የተናጋ ነው። ቤተሰብ ያለው ሰውም በቤተሰቡ ላይ ረሃብ ሊፈርድ አይችልም። እጅ ይሠራል፤ ልብ ግን በእጁ ሥራ ላይ አይደገፍም። ሕፃን ከእናቱ ሌላ መጠጊያ እንደማያውቅ፣ የአማኝ ልብም እንዲሁ ወደ ጌታው ይጠጋል።

በመጨረሻ የልጆቻቸው ናፍቆት ወደ አገራቸው መለሳቸው። በ1106 በመንግሥት ጥሪ በኒሻፑር እንደገና ማስተማር ጀመሩ። ከውጭ ሲታይ ወደ ድሮ ሥራቸው ተመለሱ። እርሳቸው ግን ይህን መመለስ ብለው አልቆጠሩትም፤ ቀድሞ ሰውን ወደ ዝና የሚያደርሰውን ያስተምሩ ነበር፣ አሁን ዝናን የሚያስተወውን። ኋላም ጡስ ገብተው ከቤታቸው አጠገብ ጥቂት ተማሪዎችን እያስተማሩ በ505 ዓመተ ሒጅራ (ታኅሣሥ 1111) ወደ አኺራ ሄዱ።

እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ ሥራዬ አስቀድሞ ማስላት ነው። ስሌቱን በጥንቃቄ መሥራት ግዴታዬ ነው፤ ዝናቡን የማዘው ግን እኔ አይደለሁም። እናንተም አጥኑ፣ አመልክቱ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተማከሩ፣ ስትታመሙ ታከሙ። ከዚያ ውጤቱን ለባለቤቱ ስጡ። የጠበቃችሁት ደብዳቤ ባይመጣ የተዘጋው አንድ በር ነው፤ ሪዝቃችሁ የተያዘው በዚያ በር አይደለም።

አላህ እጃችንን ለሥራ፣ ልባችንን ለእርሱ ያድርግልን። አሚን።