አፄ ቴዎድሮስ፣ የጋፋት ሰዎችና ትልቁ መድፍ

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ ሲለን ብዙ ልጆች አትሌት መረጡ። እኔ አፄ ቴዎድሮስን መረጥኩ። ለምን እንደመረጥኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበር። የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ድሃ ስለነበሩ ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በልጅነታቸው ገዳም ገብተው የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ። በኋላ ግን ሸፈቱ፣ ጦር መሪም ሆኑ።

በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጉ። ግብፆቹ መድፍ ነበራቸው። የካሣ ሰዎች ጀግኖች ቢሆኑም በመድፍ አለቁ። ካሣ ያንን ቀን አልረሱትም ይባላል። ጀግንነት ብቻውን እንደማይበቃ የገባቸው ያኔ ነው።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። አገሪቱን አንድ ለማድረግ ተነሱ፣ ወዲያው ወደ እኛ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ከስዊዘርላንድ ክሪሾና ከሚባል የሃይማኖት ትምህርት ቤት ወጣቶች መጡ። ይዘው የመጡት በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የእጅ ሙያም ስለነበራቸው ንጉሡ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባል ቦታ አስቀመጧቸው። መንገድ ሠሩ፣ ጋሪ ሠሩ። ከነሱ አንዱ ዋልድማየር ይባላል። እሱ የንጉሡን ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል።

ንጉሡ ግን መጽሐፍ ብቻ አልፈለጉም፣ መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሰዎቹ ሙያው የለንም፣ አንችልም ብለው መለሱ። ንጉሡም እስኪሞክሩ ድረስ አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው። ምን ይደረግ? ሞከሩ። መጀመሪያ ከሸፈ፣ እንደገና ሞከሩ፣ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ስለ ሰላም ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች እሳት አንድደው መድፍ አፈሰሱ። ንጉሡም ቢሆኑ ሃይማኖት ያላቸው ነበሩ፣ ደብዳቤያቸውን የሚጀምሩት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው።

ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ይባላል፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ወፍጮ ቤት አንድ ኩንታል እህል የተሸከመ ሰው ሲያቃስት አይታችኋል አይደል? እሱን 70 ጊዜ አስቡት!

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብኝም። ንጉሡ በእኛ በወሎ ሰው ላይ ጨክነዋል። ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ ተናደው የወይዘሮ ወርቂትን ልጅና ሌሎች የታሰሩ የወሎ መኳንንትን አስገደሉ። ታላቅ ሰው ናቸው ስንል ይሄንንም ማወቅ አለብን።

ወደ እንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ፣ እንግሊዝም ጦር ላከች። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። ገደል ይጠረባል፣ መንገድ ይሠራል፣ ሰው በጠፍር ይጎትታል። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። በስቅለት ቀን እሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ፣ መድፎቹ ግን የታሰበውን አልሠሩም። ጥይታቸው በእንግሊዞቹ ላይ አልፎ ሄደ። የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ።

ዋልድማየርስ? ከአገራችን ወጥቶ ሊባኖስ ገባ። እዚያ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ጋ ተቀላቀለ። እነሱ ጦርነትንም መሣሪያንም አጥብቀው ይቃወማሉ። ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በኋላም የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። መድፍ የሠራበት እጅ ሆስፒታል ሠራ ማለት ነው።

አሁን ምክንያቴን ልናገር። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ይሠራል። በዚህ የተነሳ አንዳንድ ልጆች ሲሰድቡኝ አልቅሼ አውቃለሁ። ግን የእናንተ ቤት ማረሻ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አምና አንድ ሰውዬ የተሰበረ ጠመንጃ ጠግንልኝ ብሎ መጣ፣ ጥሩ ብርም ሊከፍል ነበር። አባቴ እምቢ አለ። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ማጭዱንም ሌላ ቦታ ወሰደ። እኔ ደብተር የምገዛበት ብር አጥቼ ስለነበር በአባቴ ተናድጄ ነበር።

የጋፋትን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ለአባቴ ነገርኩት። ሰውዬው እኔን አስሮብህ ቢሆንስ ምን ታደርግ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ወናፉን እየነፋ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ እሠራለት ነበር አለኝ። ግን ሠርቼ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር ብሎ ማረሻውን መቀጥቀጥ ቀጠለ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ሰው መግደል ኃጢአት መሆኑን ሁለታችንም ቤታችን ተምረናል። ታዲያ አገር ሲወረር መሣሪያ ማን ይሥራ? እኔ መልሱን ገና አላገኘሁም። እናንተ ምን ትላላችሁ? ጽፋችሁ ክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩልን። ቸር እንሰንብት።