ጆን ሮቢንሰን (አብራሪ)

ኮሎኔል ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመሩ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነበሩ። በአሜሪካ ጋዜጦች ዘንድ «ቡናማው ኮንዶር» በሚል ቅጽል ስም ይታወቁ ነበር፤ ኮንዶር በአሜሪካ አህጉር የሚገኝ ትልቅ የአሞራ ዓይነት ነው። ከነጻነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አብራሪዎችን አሠልጥነዋል። በአውሮፕላን አደጋ በደረሰባቸው ቃጠሎ መጋቢት 18 ቀን 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ።

የልጅነትና የትምህርት ዘመን

ሮቢንሰን በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ካራቤል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ስለነበር እናታቸው ወደ ሚሲሲፒ ግዛት ሄደው በጋልፍፖርት ከተማ አሳደጓቸው። በተስኪጊ ኢንስቲትዩት የመኪና ጥገና ከተማሩ በኋላ በዲትሮይትና በቺካጎ በመካኒክነት ሠሩ።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ጥቁሮችን የሚቀበል የበረራ ትምህርት ቤት ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ቺካጎ የሚገኘው የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት መጀመሪያ አልቀበልም ስላላቸው በዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ትምህርቱን በጎን ይከታተሉ ጀመር። በኋላ ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ተቀባይነት አግኝተው ተመረቁ። ሁለቱ ለጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ከቺካጎ አጠገብ ባለችው ሮቢንስ ከተማም የራሳቸውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ሠሩ።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

ጣሊያን ለወረራ መዘጋጀቷ እየታወቀ ሲመጣ፣ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት መላኩ በያን ለአገራቸው ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። የሮቢንሰን ስም የደረሳቸውም በዚህ ጊዜ ነው። ሮቢንሰን ጥሪውን ተቀብለው በግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ችሎታቸውን ካዩ በኋላ የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጥተው የአየር ኃይሉ አዛዥ አደረጓቸው።

አየር ኃይል ይባል እንጂ የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂትና አሮጌ ነበሩ። ፖቴዝ 25፣ ፎከርና ዩንከርስ ይገኙባቸዋል። ለአየር ላይ ውጊያ የተዘጋጀ አንድም አልነበረም። ጣሊያን በበኩሏ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች አሰልፋለች።

የጦርነቱ በረራ

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ዐድዋን ሲደበድቡ ሮቢንሰን በከተማዋ ነበሩ፤ የሲቪሎችን እልቂት በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ በኋላ ዋና ሥራቸው በአዲስ አበባና በሰሜን ግንባር መካከል መልእክት፣ መኮንኖችንና መድኃኒት ማመላለስ፣ የጠላትንም እንቅስቃሴ ማሰስ ነበር። በእግርና በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀው መንገድ በአውሮፕላን በሰዓታት ያልቅ ስለነበር እነዚህ ጥቂት አውሮፕላኖች ለጦር አዛዦቹ ትልቅ ዋጋ ነበራቸው። የጠላት አውሮፕላን ሲያጋጥማቸው መተኮሻ ስለሌላቸው ያላቸው አማራጭ ዝቅ ብሎ በሸለቆና በደመና ውስጥ መሰወር ብቻ ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ማሳደድ ሮቢንሰን ክንዳቸው ላይ ቆስለዋል።

በረራው በጤና ላይ ያስከተለው ጉዳት

የዚያ ዘመን ወታደራዊ በረራ ከጥይቱም ሌላ በአካል ላይ ሦስት ዓይነት ጉዳት ያደርስ ነበር።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በሰሜኑ ደግሞ በጋይንትና በእስቴ አካባቢ እንዳለው እንደ ጉና ያሉ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሱ ተራሮች አሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ አብራሪውም ኦክስጅን ስለሚያንሰው ራሱን ያመዋል፣ ሐሳቡም ይዘገያል። ፖቴዝ 25 የአብራሪው መቀመጫ ክፍት የሆነ አውሮፕላን በመሆኑ ብርዱና ነፋሱ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው የመርዝ ጋዝ ነው። ጣሊያን በጦርነት ጊዜ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ፕሮቶኮል ያጸደቀች አገር ብትሆንም፣ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ (ኢፔሪት) ከአውሮፕላን ጣለች። ይህ ጋዝ ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ምልክቱ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ወደ ሳንባ ሲገባ ደግሞ የመተንፈሻ አካልን ይልጣል። ከሞት የተረፈ ሰው ለዓመታት በሳል፣ በትንፋሽ ማጠርና በዓይን ሕመም ሊሠቃይ ይችላል፤ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድሉም ይጨምራል። ጋዙ በወደቀበት መሬት ላይ ስለሚቆይ ወደ ግንባር የሚመላለሱ አብራሪዎችም ከአደጋው ነጻ አልነበሩም። ሮቢንሰንም ለዚሁ ጋዝ ተጋልጠዋል።

ሦስተኛው እሳት ነው። የዘመኑ አውሮፕላኖች ክንፋቸውና አካላቸው በአብዛኛው በእንጨትና በሸራ የተሠራ ስለነበር፣ ነዳጁ አንዴ ከተያያዘ ለማምለጥ የሚገኘው ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። የሮቢንሰንን ሕይወት የቀጠፈውም በመጨረሻ ይኸው ሆነ።

ወደ አሜሪካ መመለስና ዳግመኛ መምጣት

አዲስ አበባ በጠላት እጅ ልትወድቅ ስትል ሮቢንሰን አገሩን ለቀው በግንቦት 1928 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ደረሱ። በዚያና በቺካጎ ብዙ ሺህ ሕዝብ ወጥቶ እንደ ጀግና ተቀበላቸው። በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጥቁር አሜሪካውያን ወደ ወታደራዊ በረራ እንዲገቡ በር ከከፈቱት ሰዎች መካከል ስለሚቆጠሩ አንዳንድ ጸሐፊዎች የተስኪጊ አብራሪዎች አባት ይሏቸዋል።

በ1936 ዓ.ም. ገደማ ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው አዲሱን የአብራሪዎች ሥልጠና ጀመሩ። አየር ኃይሉን እንዲያደራጁ ከተቀጠሩት ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ጋር ግን አልተስማሙም። ጠቡ ከቃል አልፎ ወደ ድብድብ ደረሰ፤ ሮቢንሰንም ከአየር ኃይሉ ተለዩ። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያን ለቀው አልሄዱም፤ አዲስ አበባ ተቀምጠው መብረራቸውን ቀጠሉ።

የመጨረሻው በረራ

መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ሮቢንሰን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተነሡ። የበረራው ዓላማ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ደም ማድረስ እንደነበር ይነገራል። አውሮፕላኗ አዲስ አበባ ውስጥ ወድቃ ተቃጠለች፤ አብሯቸው የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሕይወቱ አለፈ። ሮቢንሰን ክፉኛ ተቃጥለው ሆስፒታል ገቡ። ሰፊ ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላም የሰውነቱ ፈሳሽ ያልቃል፤ ቁስሉ ለተሕዋስያን ክፍት ስለሚሆን በቀጣዮቹ ሳምንታት ኢንፌክሽን ይገድላል። ሮቢንሰን ለ14 ቀናት ከሞት ጋር ታግለው መጋቢት 18 ቀን ዐረፉ።

አስከሬናቸውም አዲስ አበባ ውስጥ ተቀበረ። ስማቸው ለብዙ ዓመታት በተወለዱበት አገርም በሞቱለት አገርም እምብዛም ሳይነሣ ቆይቶ፣ በኋላ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን የሚተርኩ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ታትመዋል።